የፈጣን ክፍያ ዋስ፦ በክሪፕቶከረንሲ ቅጽበታዊ ክፍያ የታማኝ ሦስተኛ ወገን ሚናና የማዕከላዊነት አደጋ

አጽሕሮተ ጥናት

ቢትኮይን ያለ ታማኝ ሦስተኛ ወገን እንዲሠራ የተነደፈ የክፍያ ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ክፍያ በአስተማማኝ ሁኔታ እስኪጸና የሚወስደው ጊዜ ለዕለት ተዕለት ግብይት የማይመች በመሆኑ፣ ጊዜውን ለማሳጠር የተዘረጉ አገልግሎቶች ሦስተኛውን ወገን በሌላ ስም መልሰው አስገብተውታል። ይህ ጽሑፍ ከ2011 ጀምሮ የታዩትን ዋና ዋና የቅጽበታዊ ክፍያ ዘዴዎች በመመርመር የዋሱን ሥልጣን በሦስት ይከፍላል፤ እነርሱም የመውሰድ፣ የማጭበርበርና የመከልከል ሥልጣን ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በቴክኒክ ማጥበብ ይቻላል። ሦስተኛው ግን ማስረጃ ሳይተው የሚሠራና የዋሶች ቁጥር ባነሰ መጠን የሚበረታ መሆኑን ጽሑፉ ያሳያል። የተጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የመጠበቂያው ጊዜ ምንጭ

የወረቀት ገንዘብ ከእጅ ሲወጣ ከባለቤቱ ይለያል። ዲጂታል ገንዘብ ግን ቁጥር ስለሆነ ይገለበጣል፤ አንድ ሰው ያንኑ ገንዘብ ጠዋት ለአንዱ ነጋዴ፣ ከሰዓት በኋላ ለሌላው ሊከፍልበት ይችላል። ይህ የድርብ ወጪ ችግር ይባላል። ዴቪድ ቻውም በ1980ዎቹ ባቀረበው የስውር ፊርማ ሐሳብ ላይ የተመሠረተው የዲጂካሽ ሥርዓት ችግሩን የፈታው ባንክን መካከል በማስቀመጥ ነበር። ገንዘቡን ያወጣው ባንክ ጥቅም ላይ የዋሉትን ቁጥሮች ሁሉ መዝግቦ ይይዛል፤ ነጋዴውም በእያንዳንዱ ክፍያ ባንኩን ይጠይቃል፣ መልሱን ወዲያው ያገኛል። ባንኩ የከፋዩን ማንነት ሳያውቅ ክፍያውን ማረጋገጥ መቻሉ የቻውም ታላቅ ግኝት ነው። ነገር ግን ኩባንያው በ1998 ሲከስር ሥርዓቱም አብሮት አከተመ። ፈጣን ነበር፣ ምስጢር ጠባቂም ነበር፤ የሚቆመው ግን በአንድ ምሰሶ ላይ ነበር።

ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የሚጠራው፣ ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ደራሲ ኦክቶበር 31 ቀን 2008 ይፋ ባደረገው ጽሑፍ ይህን ምሰሶ አስወገደው። መዝገቡ በአንድ ቤት ከመቀመጥ ይልቅ በኔትወርኩ አባላት ሁሉ ዘንድ ይገኛል። የትኛው ክፍያ እንደቀደመ የሚወሰነው በኮምፒውተር ስሌት ውድድር ሲሆን፣ አሸናፊው በአማካይ በየ10 ደቂቃው አንድ ብሎክ በመዝገቡ ላይ ይጨምራል። አንድን ክፍያ ለመሰረዝ የሚፈልግ አጭበርባሪ ክፍያው ያለበትን ብሎክና ከዚያ በኋላ የመጡትን ሁሉ ብቻውን እንደገና ሠርቶ የቀረውን ኔትወርክ መቅደም ይኖርበታል። ስለዚህ በክፍያው ላይ ብሎክ በተደራረበ ቁጥር የመሰረዙ ዕድል ይመነምናል።

ስሌቱ በዚያው ጽሑፍ ቀርቧል። አጭበርባሪው ከኔትወርኩ የማስላት ኃይል 10 በመቶውን ቢይዝ፣ የመሳካት ዕድሉ ከ1 ብሎክ በኋላ 20 በመቶ ያህል ነው፤ ከ5 ብሎክ በኋላ ከ0.1 በመቶ በታች ይወርዳል። 30 በመቶውን ቢይዝ ግን ወደዚያው ደረጃ ለመድረስ 24 ብሎክ፣ ማለትም 4 ሰዓት ገደማ፣ መጠበቅ ያስፈልጋል። በልማድ የተለመደው የ6 ብሎክ ወይም የ1 ሰዓት መጠበቂያ ከእንዲህ ዓይነቱ ስሌት የመነጨ ስምምነት እንጂ የሥርዓቱ ሕግ አይደለም። ገና ብሎክ ውስጥ ላልገባ ክፍያ ግን ይህ ስሌት የሚሰጠው ዋስትና ምንም የለም።

ናካሞቶ ራሱ ይህን ያውቅ ነበር። በ2010 ስለ መክሰስ መሸጫ ማሽን ባቀረበው ማብራሪያ፣ ክፍያ የሚያስተናግድ አንድ ኩባንያ የክፍያውን ስርጭት ለ10 ሰከንድ ያህል ተከታትሎ ተቃራኒ ክፍያ አለመኖሩን ቢያረጋግጥ ለአነስተኛ ግዢ እንደሚበቃ ጽፏል። ሥርዓቱ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት ሦስተኛው ወገን በፈጣሪው ብዕር ተመልሶ መጠራቱ የሚያስገርም ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ማብራሪያ የታሰበው ኩባንያ ተመልካች ብቻ ነው፤ ገንዘቡ በእጁ አይገባም፣ ክፍያው እንዲያልፍም ፊርማው አያስፈልግም። ቀጥሎ የመጡት ግን ከዚህ ብዙ ርቀው ሄደዋል።

የርቀቱ ምክንያት መመልከት ብቻ በቂ ሆኖ አለመገኘቱ ነው። ጋሳን ካራሜ፣ ኤሊ አንድሩላኪና ስርጃን ቻፕኩን በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ብሎክ ሳይጠበቅ በሚፈጸም ክፍያ ላይ ድርብ ወጪ በአነስተኛ ዋጋ ሊፈጸም እንደሚችልና ለጥቂት ሰከንዶች መከታተል ሁልጊዜ እንደማያድን በሙከራ አሳይተዋል። ከዚያም ያልጸናን ክፍያ ከፍ ባለ የአገልግሎት ዋጋ መተካት በሶፍትዌሩ የተፈቀደ ተግባር ሆነ። በ2016 የተፈቀደው ከፋዩ አስቀድሞ ምልክት ላደረገበት ክፍያ ብቻ ነበር፤ በ2024 በወጣው የቢትኮይን ኮር 28 እትም ግን መደበኛው አሠራር ምልክት ላላቸውም ለሌላቸውም ክፍያዎች ሆኗል። ስለዚህ «ቀድሞ የታየው ክፍያ ይጸናል» የሚለው ልማድ ላይ ተደግፎ ዕቃ የሚያስረክብ ነጋዴ ዛሬ የሚደገፍበት ነገር የለውም።

2. አረንጓዴው አድራሻ

በ2011 ሥራ ላይ የዋለው «አረንጓዴ አድራሻ» የተባለው ዘዴ ለዚህ ክፍተት የተሰጠ የመጀመሪያው ግልጽ መልስ ነው። ደንበኛው ገንዘቡን በአንድ በታወቀ አገልግሎት ያስቀምጣል። ክፍያ ሲያዝ አገልግሎቱ ገንዘቡን በቀጥታ ለነጋዴው አይልክም፤ በመጀመሪያ የራሱ መሆኑ በይፋ ወደሚታወቅ አንድ አድራሻ፣ ከዚያም ወደ ነጋዴው ያስተላልፈዋል። ነጋዴው ክፍያው ከዚያ አድራሻ መምጣቱን ሲያይ፣ ይህ ድርጅት ለአንድ ሲኒ ቡና ዋጋ ብሎ ስሙን አያጠፋም በሚል እምነት፣ ብሎክ ሳይጠብቅ ዕቃውን ያስረክባል።

ዘዴው የሥርዓቱን ሕግ አንዳች አልቀየረም፤ ውበቱም እዚህ ላይ ነው። ዋጋው ግን ብዙ ነበር። አንድ ክፍያ ሁለት ዝውውር ስለሚጠይቅ ወጪው ይጨምራል። ክፍያዎች ሁሉ በአንድ ምልክት ባለው አድራሻ ስለሚያልፉ የአገልግሎቱ ደንበኞች እንቅስቃሴ ለማንኛውም ተመልካች ይገለጣል። ከሁሉም በላይ ግን ገንዘቡ አስቀድሞ በዋሱ እጅ መግባት ነበረበት። ደንበኛው ቢትኮይን አለኝ ይላል፤ በእውነቱ ያለው በድርጅቱ ላይ ያለው የገንዘብ ጥያቄ ነው።

ዘዴውን በመተግበር በዋነኛነት የሚጠቀሱት ኢንስታዋሌትና ማውንት ጎክስ ናቸው። ኢንስታዋሌት በኤፕሪል 2013 የመረጃ ቋቱ በመደፈሩ አገልግሎቱን አቆመ። መቀመጫውን ቶኪዮ ያደረገውና በ2013 ከዓለም የቢትኮይን ግብይት አብዛኛውን ያስተናግድ የነበረው ማውንት ጎክስ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2014 ገንዘብ ማውጣት አገደ፤ በዚያው ወር መጨረሻ 850,000 ያህል ቢትኮይን መጥፋቱን ገልጾ ለኪሳራ ጥበቃ አመለከተ። ከዚህ ውስጥ 200,000 ያህሉ ኋላ ላይ በአንድ አሮጌ ዋሌት ተገኝቷል። በዚህ ገንዘብ ለባለገንዘቦች በቢትኮይን መመለስ የተጀመረው በ2024 ነው። ክፍያን በሰከንዶች ለመጨረስ ሲባል በድርጅቱ ላይ የተጣለው እምነት ለብዙዎች አሥር ዓመት አስጠብቋቸዋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለቱም ድርጅቶች የወደቁት በአረንጓዴ አድራሻ ምክንያት አይደለም፤ ለነጋዴ የሰጡትን የክፍያ ተስፋ አጥፈው ድርብ ወጪ መፈጸማቸውም አይደለም የጣላቸው። ስማቸው አይጠፋም ተብሎ የታመነበት ጉዳይ አንድ ነበር፣ የወደቁበት ሌላ። ነጋዴው የመዘነው የዋሱን ፈቃድ ሲሆን የጎደለው ግን የዋሱ ችሎታ ነበር። ሐቀኝነትና ገንዘብ የመጠበቅ ብቃት በአንድ ስም ሥር ሲቀመጡ፣ የስሙ ክብር ሁለቱንም የሚያረጋግጥ ይመስላል።

3. ጥምር ፊርማና የተረፈው ሥልጣን

ከማውንት ጎክስ ውድቀት ወዲህ የተስፋፋው ዘዴ ዋሱን ከገንዘብ ያዥነት ወደ አብሮ ፈራሚነት ያወረደው ነው። ገንዘቡ ሁለት ፊርማ ካልተገኘ በማይንቀሳቀስ አድራሻ ይቀመጣል፤ አንዱ ቁልፍ ከደንበኛው፣ ሌላው ከአገልግሎቱ ዘንድ ነው። አገልግሎቱ ያንኑ ገንዘብ ለሁለተኛ ጊዜ ለሚያወጣ ክፍያ ላለመፈረም ቃል ይገባል፤ ነጋዴውም በዚህ ቃል ተማምኖ ክፍያውን ወዲያው ይቀበላል። ግሪንአድሬስ የተባለው ዋሌት በዚህ መንገድ ሠርቷል። ቢትጎም በተመሳሳይ መሠረት ላይ ቅጽበታዊ የክፍያ ዋስትና አቅርቦ ነበር።

የዚህ ዘዴ ብልሃት ያለው ፊርማው ላይ ሳይሆን መውጫው ላይ ነው። በግሪንአድሬስ አሠራር አገልግሎቱ የተወሰነ ጊዜ ካለፈ በኋላ ብቻ የሚሠራ የመመለሻ ዝውውር አስቀድሞ ፈርሞ ለደንበኛው ይሰጣል። አገልግሎቱ ነገ ቢጠፋ ደንበኛው ቀኑን ጠብቆ ገንዘቡን ብቻውን ያወጣል። የመውሰድ ሥልጣን በዚህ መንገድ ከሞላ ጎደል ይወገዳል፤ አገልግሎቱ አንድ ቁልፍ ብቻ ስላለው ሊሰርቅ አይችልም። የማጭበርበር ሥልጣኑም ይቀንሳል፤ ከደንበኛው ጋር ተመሳጥሮ ሁለት ተቃራኒ ዝውውሮችን ቢፈርም፣ ሁለቱ ፊርማዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማንም ሰው ሊመረምረው የሚችል የክህደት ማስረጃ ይሆናሉ።

የሚቀረው የመከልከል ሥልጣን ነው። መመለሻው ጊዜ እስኪደርስ ድረስ አገልግሎቱ ያልፈረመበት ክፍያ አይንቀሳቀስም። ደንበኛው ድሃ አልሆነም፤ ግን መክፈል አይችልም። ለሳምንታት ወይም ለወራት በገንዘቡ መጠቀም ለማይችል ሰው በመዘረፍና በመታገድ መካከል ያለው ልዩነት ሕግ አዋቂዎች እንደሚያዩት ሰፊ ላይሆን ይችላል።

በተቃራኒው በኩል ደግሞ ዋሱ መከልከል ሲገባው ሳይከለክል የቀረበት አጋጣሚ አለ። ኦገስት 2 ቀን 2016 ቢትፊኔክስ ከተባለው የመገበያያ ድርጅት 119,756 ቢትኮይን ተሰረቀ። ገንዘቡ የነበረው ቢትጎ አብሮ በሚፈርምባቸው የጥምር ፊርማ አድራሻዎች ነው። ቢትጎ የራሱ ኮምፒውተሮች አለመደፈራቸውን አስታወቀ፤ ፊርማው ግን ዝውውሮቹ ላይ አርፏል። ቢትፊኔክስ ጉዳቱን ለደንበኞቹ ሁሉ በማካፈል ከእያንዳንዱ ሒሳብ 36 በመቶ ያህል ቀነሰ። ከዚህ የሚታየው ፍጥነትና ምርመራ የሚጻረሩ መሆናቸው ነው። በሰከንድ ውስጥ የሚሰጥ ፊርማ የሚሰጠው በማሽን ነው፤ ማሽኑም በቅርጹ ትክክል የሆነ ትእዛዝ ከማን እንደመጣ የማወቅ ዕድሉ ጠባብ ነው።

4. ዋሶች ለምን ጥቂት ይሆናሉ

ማዕከላዊነት ከገበያ አጋጣሚ የመጣ ይመስላል። የዋስትናውን አሠራር ቀረብ ብሎ ለሚያይ ግን ከራሱ ከዘዴው የሚወለድ ነው። ዋስ የሚጠቅመው ተቀባዩ ካወቀው ብቻ ነው። 1,000 ነጋዴዎችና 50 ዋሶች ያሉበትን ገበያ ብናስብ፣ እያንዳንዱ ነጋዴ እያንዳንዱን ዋስ ለመመዘን ቢሞክር 50,000 ምዘናዎች ያስፈልጋሉ። ማንም ነጋዴ ይህን አያደርግም፤ ስማቸው የገነነውን ሁለት ወይም ሦስት ይመርጥና ሌሎቹን ብሎክ እንዲጠብቁ ያደርጋል። ደንበኛም ነጋዴዎች ወደሚያውቁት ዋስ ይሄዳል። አዲሱ ዋስ ነጋዴ ስለማያውቀው ደንበኛ አያገኝም፣ ደንበኛ ስለሌለው ነጋዴ አያውቀውም። በዚህ ዓይነት፣ በዋስ ያልመጣ ቢትኮይን በመዝገቡ ላይ እኩል ቢሆንም በሱቁ ፊት ሁለተኛ ደረጃ ገንዘብ ይሆናል።

የዋሱ ሐቀኝነት በጥቅም ስሌትም ሊመዘን ይችላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ዋስ በቀን 1,000,000 ዶላር ክፍያ ያስተላልፋል፣ ለአገልግሎቱም 0.1 በመቶ ያስከፍላል እንበል፤ የቀን ገቢው 1,000 ዶላር ነው። ክፍያ ለመጽናት 1 ሰዓት የሚወስድ ከሆነ በማንኛውም ቅጽበት ዋስ የሆነበት ያልጸና ድምር 41,667 ዶላር ገደማ ይሆናል። ክህደት ቢፈጽም የሚያገኘው ትልቁ ጥቅም የ42 ቀን ገቢው ያህል ነው ማለት ነው። ሥራውን በሰላም ቢቀጥል በሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ የሚያገኘውን ለመውሰድ ስሙን የሚያጠፋ ዋስ ብዙ አይኖርም። ይህ ንጽጽር የክፍያው መጠን ቢያድግም አይለወጥም፤ ድምሩና ገቢው አብረው ያድጋሉና።

ዋሱ ገንዘብ ያዥም ከሆነ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። ደንበኞቹ የ30 ቀን ክፍያቸውን ያህል፣ ማለትም 30,000,000 ዶላር፣ በእጁ ቢያስቀምጡ ድምሩ የ30,000 ቀናት ገቢው ነው፤ ከ82 ዓመት ይበልጣል። ይህን ያህል ሀብት ከ0.1 በመቶ ገቢ በሚመነጭ ስም ብቻ ሊጠበቅ አይችልም። በአረንጓዴ አድራሻና በጥምር ፊርማ መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት በዚህ ምሳሌ ይታያል፤ ስም የአንድ ሰዓት ዋስትናን መሸከም ይችላል፣ የተቀማጭ ገንዘብን ግን አይችልም።

5. ማስረጃ የማይተው ሥልጣን

ከላይ ያለው ስሌት የሚመለከተው ስርቆትንና ክህደትን ብቻ ነው። እነዚህ ሁለቱ በመዝገቡ ላይ ዱካ ይተዋሉ፤ የዋሱን ስም የሚቀጣውም ይህ ዱካ ነው። እምቢታ ግን ዱካ የለውም። አልፈርምም ያለ ዋስ በመዝገቡ ላይ የሚተወው ባዶ ቦታ ነው፤ ያ ባዶ ቦታም ክፍያ ካልታዘዘበት ሰዓት አይለይም። ደንበኛው ተከለከልኩ ቢል፣ ዋሱ መሣሪያው ለጥቂት ጊዜ ተስተጓጉሎ ነበር ሊል ይችላል፤ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ምስክር የለም። ስለዚህ ስም የተባለው መቀጫ እዚህ ላይ አይሠራም።

የመከልከል ሥልጣን በግልጽ ሥራ ላይ የዋለበት ምሳሌ ከቢትኮይን ውጭ፣ በኢቴሪየም ላይ በተገነቡት ሁለተኛ ደረጃ ኔትወርኮች ይገኛል። እነዚህ ኔትወርኮች ክፍያን በሰከንዶች የሚያረጋግጡት ዝውውሮችን በተራ የሚያሰልፍ አንድ ማዕከላዊ ኮምፒውተር ስላላቸው ነው፤ ተጠቃሚው ወዲያው የሚያየው «ተከፍሏል» የሚል ምልክት ከዋናው መዝገብ የመጣ ሳይሆን የዚያ ኮምፒውተር ቃል ነው። ጁን 2 ቀን 2024 ሊኒያ በተባለው ኔትወርክ ላይ ይሠራ የነበረ ቬሎኮር የተባለ መገበያያ ሲዘረፍ፣ የሊኒያ አስተዳዳሪዎች አሰላፊውን ኮምፒውተር ለአንድ ሰዓት ያህል አቁመው የዘራፊውን አድራሻዎች አገዱ። ድርጊቱን አልደበቁም፤ ወደፊት ማንም ብቻውን ይህን ማድረግ እንዳይችል ሥልጣኑን ማከፋፈል ግባቸው መሆኑንም ገለጹ።

ዓላማው በጎ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ገንዘባቸው የተረፈላቸው ሰዎች ያመሰገኑ ይሆናል። ለጥናቱ ዋናው ነገር ግን ያ ማቆሚያ ሌቦችን ብቻ የሚያውቅ መሣሪያ አለመሆኑ ነው። ሌባን ማገድ የሚችል እጅ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲመጣ፣ የመንግሥት ግፊት ሲበረታ ወይም ተፎካካሪ ድርጅት ሲያስቸግር የሚንቀሳቀሰውም ያው እጅ ነው። ኒክ ሳቦ በ2001 ባቀረበው ጽሑፍ ታማኝ ሦስተኛ ወገንን የደኅንነት ቀዳዳ ብሎ የጠራው ስለዚህ ነው። ቀዳዳ መሆኑ ከሰውየው ባሕርይ ጋር አይያያዝም፤ ከሚቆምበት ቦታ የሚመጣ ነው።

6. ዋሱን በሒሳብ መተካት

ላይትኒንግ የተባለው ኔትወርክ፣ በጆሴፍ ፑንና በታዴየስ ድራይጃ ሐሳብ መሠረት ከ2018 ጀምሮ በስፋት ሥራ ላይ የዋለ፣ ይህን ቀዳዳ በሌላ መንገድ ለመድፈን የሚሞክር ነው። ሁለት ወገኖች ገንዘብ በጥምር ፊርማ ይቆልፉና ከዚያ በኋላ የድርሻቸውን ለውጥ በመካከላቸው እየተፈራረሙ ይለዋወጣሉ፤ ወደ ዋናው መዝገብ የሚሄዱት ሲከፍቱና ሲዘጉ ብቻ ነው። አንዱ ያረጀ ድርሻ አቅርቦ ለማታለል ቢሞክር ሌላው የተቆለፈውን ሁሉ ይወስዳል። ክፍያን ለሦስተኛ ሰው የሚያስተላልፍ መካከለኛም ገንዘቡን ማስቀረት አይችልም፤ የማስተላለፉን ምስጢራዊ ቁጥር ከተቀባዩ ሳያገኝ የሚያገኘው የለም። መካከለኛው እምቢ ቢል በሌላ መንገድ መሄድ ይቻላል፤ ይህም የመከልከልን ሥልጣን በፉክክር ያዳክማል።

ሆኖም ቅጽበታዊነት ሒሳቡ ባልሸፈነው ቦታ ሁሉ እምነትን መልሶ ይጠራል። ላይትኒንግን በራሱ ቁልፍ የሚጠቀም ሰው ገንዘብ ቀድሞ መቆለፍ፣ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝና የሌላውን ወገን ድርጊት መከታተል ይኖርበታል። አዲስ ተጠቃሚ የመጀመሪያ ክፍያውን ወዲያው እንዲቀበል ሲባል ቁልፉ ገና ብሎክ ውስጥ ሳይገባ የሚከፈት ቻናል ተፈጥሯል፤ እዚያ ላይ ቻናሉን የከፈተው አገልግሎት ድርብ ወጪ እንደማይፈጽም ማመን ያስፈልጋል። አረንጓዴው አድራሻ የሞላው ክፍተት ይኸው ነበር። ብዙዎች ደግሞ ይህን ሁሉ ድካም ለሌላ ሰው ትተው ቁልፋቸውን በሚይዝ ዋሌት ይጠቀማሉ። ዋሌት ኦቭ ሳቶሺ የተባለው ከዚህ ዓይነት አገልግሎቶች መካከል እጅግ የታወቀው ሲሆን፣ በኖቬምበር 2023 ከአሜሪካ የአፕልና የጉግል መተግበሪያ መደብሮች ወጥቷል። ኤል ሳልቫዶር ቢትኮይንን ሕጋዊ ገንዘብ ባደረገችበት ሴፕቴምበር 7 ቀን 2021 ያስጀመረችው ቺቮ ዋሌትም ቁልፉ ከተጠቃሚው ዘንድ ያልሆነ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አቅሙን ለማሳደግ አገልግሎቱ ሲቋረጥ በዚያ መንገድ የሚከፍሉ ሁሉ አብረው ቆሙ። በዚያ ሰዓት የቢትኮይን መዝገብ እንደወትሮው ብሎክ ይጨምር ነበር።

ዋሱን ወደ ብዙ ሰዎች የመበተን ሙከራም አለ። ዳሽ የተባለው ገንዘብ እያንዳንዳቸው 1,000 ዳሽ ያስያዙ ኮምፒውተሮች በቡድን ድምፅ ሰጥተው ክፍያን ወዲያው እንዲያጸኑ ያደርጋል። አንድ ሰው ብቻውን አይከለክልም፤ ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ዋስ የመሆን መብት ግን በሀብት የሚገዛ በመሆኑ ጥያቄው ሀብቱ በእነማን እጅ ነው ወደሚለው ይሸጋገራል።

7. የዋስትናው ጣሪያ

የቅጽበታዊ ክፍያ አገልግሎትን ለመመዘን «ድርጅቱ ታማኝ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያራምድም። ይልቁንም አገልግሎቱ ዛሬ ማታ ቢጠፋ ደንበኛው ምን ያህል ገንዘብ ያጣል፣ የቀረውንስ በስንት ቀን ያገኛል የሚለው ጥያቄ በቁጥር ሊመለስ የሚችል ነው። ገንዘብ ያዥ ለሆነ ዋስ መልሱ ሁሉንም፣ ምናልባትም ለዘለዓለም ነው። መመለሻ ላለው የጥምር ፊርማ መልሱ ምንም፣ ነገር ግን ከተወሰኑ ወራት በኋላ ነው። በራስ ቁልፍ ለሚያዝ የላይትኒንግ ቻናል በቀናት ወይም በሳምንታት ይቆጠራል። የመከልከል ሥልጣን ልኩም ይኸው የመውጫ ጊዜ ነው፤ ዋሱ ሊያስጨንቅ የሚችለው መውጫው እስኪከፈት ድረስ ብቻ ነውና።

በነጋዴው በኩል ደግሞ ዋስ የሚለው የአማርኛ ቃል ራሱ አንድ ነገር ያስታውሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1922 ዋስትና በግምት እንደማይኖር፣ በግልጽ መሰጠት እንዳለበትና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጠቀሰ የዋስትናው ውል ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። በቅጽበታዊ ክፍያ የሚታየው ዋስትና ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከስም ዝና የሚገመት፣ ጣሪያውም ያልተነገረ ነው። ነጋዴው ዋሱ ለእርሱ የገባውን ቃል ያውቃል፤ በዚያው ሰዓት ለሌሎች ሺህ ነጋዴዎች የገባውን ግን አያውቅም።

ጣሪያው እንዲታወቅ ለማድረግ ቢትኮይን ግማሹን መሣሪያ ይሰጣል። ዋሱ መያዣ የሚሆን ገንዘብ በይፋ በሚታወቅ አድራሻ ቢቆልፍ ማንም ሰው መጠኑን ከመዝገቡ ማንበብ ይችላል። ሌላው ግማሽ፣ ማለትም በዚያ መያዣ ላይ የተንጠለጠለው ያልጸና ድምር፣ የሚቆጠረው ግን ዋሱ የቆመላቸው ክፍያዎች ሁሉ እንደ አረንጓዴው አድራሻ ምልክት ከተደረገባቸው ብቻ ነው። ምልክቱ ሲደረግ ነጋዴው ዋሱን መቆጣጠር ይችላል፤ ደንበኛው የት እንደገዛና ስንት እንደከፈለም አብሮ ለሁሉም ይታያል። ምልክቱ ሲነሣ የደንበኛው ምስጢር ይጠበቃል፣ ጣሪያውንም የሚያውቀው ዋሱ ብቻ ይሆናል። ከፋዩን ሳይገልጡ ያልጸናውን ድምር ብቻ ለሕዝብ ማሳየት የሚቻልበት አሠራር፣ የቻውም ስውር ፊርማ በዘመኑ የፈታውን ዓይነት ጥያቄ ዳግመኛ ያነሣል፤ በዚህ ጊዜ ግን ከተመልካች የሚጠበቀው የከፋዩ ማንነት ሲሆን ለተመልካች መገለጥ ያለበት የባንኩ ዕዳ ነው።